የዶሮ እግር ያለበት ማስታጠቢያ

እማ፣

መቸም ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ» ይባላል። እስከ ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩን ይህንኑ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን እኔ ቁጭ ብዬ አልጠበቅሁትም። ለአንቺ እንዲህ ብዬ ብጀምር ግን «ይኸ ልጅ ዛሬም ይቀልዳል» ብለሽ ከዚያው ከመቃብርሽ ጠጠር ትወረውሪብኛለሽ። ስለዚህ ጤናሽን አልጠይቅም። የአንቺ ነገር አላህ ዘንድ ነው፤ እኔ የማወራሽ የእኛን ነው።

ከሄድሽ ሰባት ወር ሆነ። ዘይነባ «ሰባት ወር ከዘጠኝ ቀን» ብላ ታርመኛለች። ይህቺ ልጅሽ እንደሆነች አራተኛ ክፍል ስትገባ ጭራሽ አስተማሪ ሆናብኛለች።

ፊደሉን አተልቄ የምጽፈው አንቺ እንዳትቸገሪ ነው። መሠረተ ትምህርት ስትማሪ ጣትሽን ከፊደል ፊደል እየጎተትሽ ስታነቢ፣ «እማ፣ ማንበብ ነው ወይስ ማረስ?» እያልሁ ስስቅብሽ ትዝ ይልሻል? አንድ ቀን ደግሞ መጽሐፉን ዘቅዝቄ ሰጥቼሽ ብዙ ደቂቃ አፍጥጠሽ አየሽው። ከዚያ ምንም ሳትናገሪ አቃናሽና ጫማሽን አነሳሽ። ጫማው ጆሮዬን ስቶ ድመቷን ነበር የመታው። አሁን ይህን ደብዳቤ ብትፈልጊ ዘቅዝቀሽ አንብቢው። ወላሂ አልስቅም።

የምጽፍልሽ አንድ ነገር ልነግርሽ፣ በአንድ ነገር ደግሞ ልወቅስሽ ነው። ከወቀሳው እንዳልጀምር ትቆጫለሽ፤ ከነገሩ ልጀምር።

ለአርባሽ ሰደቃ አጎቴ እንድሪስ ከውጫሌ መጣ። እህል የጫነባትን አህያ በራችን አስሮ ሰደቃው ካለቀ በኋላም አልሄደም። በማግስቱ ጓዳችን ገብቶ ዞር ዞር ብሎ አየ። ምን እንዳየ ታውቂያለሽ፦ አንድ ጣባ፣ አፉ የተሸረፈ እንስራ፣ እጀታዋ የወለቀ ጭልፋ፣ ሁለት ብርጭቆ፣ አንቺ የተኛሽበት ቁርበት። ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና፣ ይኸ ቤት ሳይሆን የቤት አጥንት ነው አለ። ዘይነባን ይዟት ሊሄድ ነው። ከልጆቹ ጋር ታድጋለች፣ ሚስቱንም ታግዛለች አለ። ትምህርት ቤት አላነሳም። እኔን ደግሞ ወንድ ስለሆንሁ የትም አልጠፋም አለ። አጎቴ ክፉ ሰው እንዳልሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ባዶ ጓዳ አየ፤ ባዶ ጓዳ ያየ ሰው የሚለውን አለ።

እኔ ግን ዘወትር አፌ ላይ የሚመጣውን ቀልድ ሁሉ ብፈልግ አጣሁት። ዘይነባ በሩ ጀርባ ቆማ የደብተሯን ጠርዝ ታኝክ ነበር።

በዚህ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሽ ይመር ተጨመሩበት። ቤቱ የቀበሌ እንደሆነ፣ ተከራይዋ እንደሞተችና አዋቂ የሌለበት ቤት ለሌላ ተጠባባቂ እንደሚሰጥ ነገሩኝ። አዋቂማ አለ፣ እኔ አለሁ ብላቸው ቀና ብለው አዩኝ። እማ፣ ያን አስተያየት ላንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከዋርካው ላይ የተንጠለጠለውን የስብሰባ ደወል፣ ያን የመኪና ቸርኬ፣ ስብሰባ ሳይኖር ደውዬ መንደሩን በሙሉ ያሰበሰብሁ ጊዜ አንቺንም እንዲሁ ነበር ያዩሽ። ያን ቀን ጋሽ ይመር ራሳቸው ስብሰባ የረሱ መስሏቸው ከአልጋ ተነስተው በአንድ እግር ጫማ እየሮጡ የመጡትን መቼ ረሱት? ደግነቱ ጨካኝ አይደሉም። እሑድ ከኮሚቴው ጋር መጥተን እናያለን፣ ቤት መሆኑን አሳየን አሉኝ። ቤት ከሆነ ቤት ነው፤ ካልሆነ አጎትህ እዚሁ አለ አሉ።

እሑድ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። አራት ቀን ለቁም ነገር አይበቃም፤ ለተንኮል ግን ይተርፋል።

ተንኮሉ ይኸውልሽ። ቤት ማለት ዕቃ ነው፤ ዕቃ ደግሞ በየጎረቤቱ ሞልቷል። ለአንድ እሑድ እዋሳለሁ፤ ጓዳውን አስጌጣለሁ፤ ኮሚቴው አይቶ ይሄዳል፤ ሰኞ ሁሉንም እመልሳለሁ አልሁ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ተንኮሎች ሁሉ ትልቁ ይኸ ነበር። አንቺ ባለመኖርሽ የሚመሰክርልኝ አጣሁ ብዬ ሳይቀር አዘንሁ።

መጀመሪያ እትየ ከድጃ ዘንድ ሄድሁ። ብረት ድስት ፈልጌ ነበር። የእኛን ድስት ዘይነባ አቃጠለችው አልኋት፤ ድስት እንዳልነበረን እያወቅሁ። እትየ ከድጃ ስትናገር መንደሩ በሙሉ የሚሰማት ሴት አይደለችም? ያን ቀን ዝም አለች። ድስቱን በነጠላዋ ጫፍ ውስጡንም ውጪውንም ወለወለችና አቀበለችኝ። መቼ ትመልሳለህ አላለችኝም። እድሌ ነው አልሁ።

ከዚያ እትየ የሺመቤት ዘንድ ለማስታጠቢያና ለማንቆርቆሪያው ሄድሁ። እሷ ደግሞ ፊቴን ትክ ብላ አየችኝና ማስታጠብ እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከማን ይጀመራል? አለችኝ። ከትልቁ አልኋት። ፎጣውስ? አለችኝ። ፎጣ አላሰብሁም ነበር። የራሷን ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ እንዲህ ነው የሚያዘው ብላ አስተካከለችልኝ። አንቺ ስንት ጊዜ «ና አስታጥብ» ስትይኝ በመስኮት የዘለልሁት እኔ፣ በሰው ቤት ቆሜ ማስታጠብ ተማርሁ።

ልብስ ሰፊው ጋሽ አሊ ፋኖሱን ሰጠኝ፤ ክሩን ራሱ ቀየረልኝ። ምን ልታደርገው ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ሰዉ ሁሉ እንዲህ የዋህ መሆኑ እየገረመኝ ሄድሁ።

የመጨረሻውን ስነግርሽ ግን እንዳትቆጪ። ጋሽ ይመር ስብሰባ በገቡበት ሰዓት ቤታቸው ሄጄ ከሚስታቸው ከእትየ ሮማን ዱካ ተዋስሁ። ሌላ ዱካ ጠፍቶ አይደለም። ሊቀመንበሩ የራሱ ዱካ ላይ ተቀምጦ «ማሻአላህ፣ ቤት ነው» ሲለኝ ማየት ፈልጌ ነው። ዱካዋን ተሸክሜ ስመጣ በሳቅ ሆዴን አሞኝ መንገድ ዳር ተቀመጥሁ። የተቀመጥሁትም በዱካዋ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ሐይቁ ላይ ወጣሁ። አንቺ ከታመምሽ ወዲህ መረብ መጎተት እየለመድሁ ነበር። ያን ቀን የደረሰኝን ቆሮሶ ዓሣ አልሸጥሁም፤ ለእንግዶቼ አስቀመጥሁት። «ለእንግዶቼ» ስል ራሴን ሰማሁት። ቃሏ አፌ ውስጥ እንደሰው ጫማ ሰፋችኝ።

እሑድ መጡ። ጋሽ ይመር፣ ከሴቶች ማኅበር አንዲት ሴትዮ፣ ሸህ ሙሄና አጎቴ እንድሪስ። ጋሽ ይመርን ዱካዋ ላይ አስቀመጥኋቸው። ዘይነባ ነገሩን ስለምታውቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ማስታጠቢያውን ያዝሁ። ከሸህ ሙሄ ጀመርሁ፤ አጎቴን አስከተልሁ፤ አንዲት ጠብታ መሬት አልፈሰሰችም። አጎቴ እጁን እየታጠበ ጓዳውን አሻግሮ አየ፤ ድስት አለ፣ ፋኖስ አለ። ግንባሩ ፈታ አለ።

እጣቢውን ልደፋ ወደ ደጅ ወጣሁ። ማስታጠቢያውን ዘቀዘቅሁት። ፀሐይዋ ከሥሩ ላይ አረፈች።

እማ፣ ከሥሩ የዶሮ እግር ነበረበት።

በምስማር የተጫረ፣ ሦስት ጣት ከፊት፣ አንድ ጣት ከኋላ። ያቺን ምልክት አውቃታለሁ። በራችን መቃን ላይ አለች። ምስማሩን መጀመሪያ እዚያ ሞክረሽው ነበር፤ እኔም «እማ፣ በመቃን የወጣችው ዶሮ የማን ናት?» ብዬ ስቄብሽ፣ ሰርግ ቤትና ለቅሶ ቤት ዕቃ እንዳይቀላቀልብኝ ነው ብለሽኝ ነበር። ልጅ ነበርሁ። የትኛው ዕቃ ላይ እንደምትስይ አላየሁም። አንቺ ስትሰጪ፣ ስትሰጪ፣ ስትሰጪ ነው የማስታውስሽ። እንግዳ የመጣበት፣ ልጅ የሚያስገርዝ፣ ሴት ልጁን የሚድር ሁሉ ወደ አንቺ ነበር የሚመጣው። ዕቃችን ሲያልቅ ተሰብሮ ወይም ተሽጦ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። የት ገባ ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም፤ በኔ ቤት ዕቃ የሴት ነገር ነው።

ማስታጠቢያውን ዘቅዝቄ እንደያዝሁ ወደ ውስጥ ገባሁ። ፋኖሱን አነሳሁ፤ ከሥሩ የዶሮ እግር። ድስቱ እሳት ላይ ስለሆነ ማየት አልቻልሁም። ከዚያ ዓይኔ ወደ ዱካዋ ሄደ። ጋሽ ይመር ተቀምጠውባታል። ምን እንደሆንሁ ሳያውቁ አልቀሩም። ቀስ ብለው ተነሱና ዱካዋን ራሳቸው ገለበጧት። ሦስት ጣት ከፊት፣ አንድ ጣት ከኋላ።

«ሦስት ዓመት ተቀምጬበታለሁ» አሉኝ። «የእናትህ ነው።»

ይህን ሲሉኝ ሁሉም ገባኝ። እትየ ከድጃ ለምን ዝም እንዳለች፣ ጋሽ አሊ ለምን ክሩን እንደቀየረ፣ ማንም መቼ ትመልሳለህ ያላለኝ ለምን እንደሆነ። እኔ መንደሩን አታለልሁ ብዬ ስስቅ መንደሩ የገዛ ዕቃዬን እያዋሰኝ ነበር። እማ፣ እንዲህ ያለ ተንኮል እኔ እንኳ አስቤ አላውቅም።

ሸህ ሙሄ ዕቃዋ ሰው ቤት ያደረ ሴት ቤቷ ባዶ አይባልም፣ ቤቷ ሰፊ ነው እንጂ አሉ። አጎቴ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ይመር ግን ገና አልጨረሱም ነበር። ዱካዋን አስተካክለው ተቀመጡና፣ ዕቃው የእናትህ የሐዋ ነው፣ እሺ፤ ያንተ የሆነው የቱ ነው? አሉኝ።

አየሽ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ዞሬ አየሁ። ድስቱ የአንቺ፣ ፋኖሱ የአንቺ፣ ፎጣው የእትየ የሺመቤት። የኔ የምለው አጣሁ። ዘይነባ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ዓሣው የሱ ነው» አለች። «ራሱ ነው ያጠመደው፣ ራሱ ነው የሠራው። ጨው ግን አብዝቶበታል።»

የሴቶች ማኅበሯ ሴትዮ ሳቋን መያዝ አቃታት። አጎቴም ሳቀ። ቀምሰው አዩት፤ ዘይነባ አልዋሸችም። ሆኖም በሉት። ጋሽ ይመር ሁለት ጊዜ ውኃ ጠይቀው ጨረሱት። እጃቸውን እያስታጠብኋቸው፣ ቤቱ እስከ ክረምት ባለበት ይቆይ፣ ከዚያ መጥተን እናያለን አሉ። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው ደግሞ፣ ደወሉን እንዲህ ከወደድኸው ከዛሬ ጀምሮ የምትደውለው አንተ ነህ፤ በሰዓቱ ካልደወልህ አልምርህም አሉኝ። ይኸውልሽ፣ የተቀጣሁበትን ሥራ ተሾምሁበት።

በማግስቱ ዕቃውን ምን እንደማደርገው ግራ ገብቶኝ ተቀምጬ ሳለ እትየ ከድጃ ከነሙሉ ድምጿ መጣች። እስካሁን ለምን አልመለሳችሁልንም ብዬ ጠየቅኋት፤ ትንሽ ተቀይሜም ነበር።

«አጎትህ አህያ አስሮ ስናይ ነዋ» አለችኝ። «የሐዋ ዕቃ ተጭኖ ውጫሌ ከሚወርድ እኛ ዘንድ ያንተን መጎልመስ ይጠብቅ ብለን ነው።»

ከዚያ እጇን ወደ ድስቱ ዘረጋች። ልትወስደው መስሎኝ ያዝ አደረግሁት። ለካስ የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። እኔ «አውሱኝ» ብዬ ስለሄድሁ ባዶውን ሰጥተውኝ ነበር፤ አሁን ግን መመለስ ሆነ። ድስቱን ሽምብራ ሞላችው። ከሰዓት በኋላ እትየ የሺመቤት መጥታ ማስታጠቢያውን በገብስ ሞላችው፤ ፎጣውንም በዚያው ተወችልን። ጋሽ አሊ ለፋኖሱ በቀበሌ ካርዱ የወሰደውን ነጭ ጋዝ አመጣ። ሌሎችም መጡ፤ እኔ ያልጠየቅኋቸው። ወንፊት መጣ፣ ሙቀጫ ከነዘነዘናው መጣ፣ መጥረቢያ መጣ። አንዲት ሴት ከሐይቁ ማዶ ሰሌን ተሸክማ መጣች፤ ማን እንደሆነች እንኳ አናውቅም። ከሰሌኑ ውስጥ ሦስት እንቁላል ጠቅልላበታለች።

እትየ ሮማን ግን ተቸገረች። ዱካ በምን ይሞላል? ቆማ አሰበች፣ አሰበች። በኋላ ዘይነባን ዱካዋ ላይ አስቀምጣ ጸጉሯን ሹሩባ ሠራቻት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ያ ጸጉር እጅ አልነካውም ነበር፤ እኔ አንዴ ሞክሬ ዘይነባ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኻብኛለች። ዘይነባ ከዱካዋ ስትነሳ እንደሙሽራ ቀስ ብላ ነው የሄደችው፤ እንዳይፈታባት።

አጎቴ የዚያኑ ሳምንት አህያዋን ፈቶ ሄደ። አህያዋ ላይ የጫንነው ደረቅ ቆሮሶ ብቻ ነው፣ እሱም በኔ ግድ። ክረምት ላይ ሊያይ ተመልሶ መጣ። አብሽር፣ ቤት ነው አለኝና ዘይነባን ደብተሯን እንድታሳየው ጠየቃት።

አሁን ወደ ወቀሳዬ ልምጣ። እማ፣ ይህን ሁሉ በልብሽ ይዘሽ እንዴት ዝም ብለሽ ሄድሽ? ለአንድ ቀን ጠርተሽኝ «ድስቱ እዚህ፣ ዱካው እዚያ» ብትይኝ ምን ነበረበት? ይህን እያልሁ ብዙ ጊዜ ተናድጄብሻለሁ። በኋላ ግን ሳስበው፣ ብትነግሪኝ ኖሮ ያኔ የነበርሁት እኔ ምን አደርግ ነበር? ሁሉንም በአንድ ቀን ሰብስቤ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሬ አታሞ እመታበት ነበር። አውቀሽኝ ነው።

የቤቱን ወሬ ልጨርስልሽ። ተለውጫለሁ። ፋኖሱን ማንም ሰው ያለ እኔ ፈቃድ አይነካም። ባለፈው ዘይነባ ማንቆርቆሪያውን ጥላ ጎኑ ሲሰረጉድ «ዕቃ ዓይን አለው እንዴ? ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ» ብዬ ጮህሁ። ሁለታችንም ደንግጠን ተያየን። የአንቺ ቃል፣ በአንቺ ድምፅ። ከዚያ ስቀን ስቀን ሞትን። እኔ ቀልድ አልተውሁም፤ ደወሉን በሰዓቱ ነው የምደውለው፤ አንዳንዴ ግን አንድ ደወል ትርፍ እጨምርበታለሁ፣ ጋሽ ይመር እንዳይሰለቻቸው።

አሁን ደግሞ ለዚህ ደብዳቤ ያስቀመጠኝን ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ሐሙስ ከኋላችን ካለው ቤት አዲሲቱ ሙሽራ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን እያየች አማቶቿ እንደሚመጡባት ነገረችኝ። ከዚያ፣

«ወንድም ሰይድ፣ ማስታጠቢያችሁን ታውሰኛለህ?» አለችኝ።

ዘወር ብዬ አየሁ፤ ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ። ማንም የለም። እማ፣ ከኔ ሰው ዕቃ ተዋሰ። ሰው ከልጅ ዕቃ አይዋስም። አንድ ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥሁት። ማስታጠቢያውን በእትየ የሺመቤት ፎጣ ወልውዬ፣ ሥሩን አንዴ አይቼ ሰጠኋት። መቼ ትመልሻለሽ አላልኋትም። ከትልቁ ጀምሪ ብቻ አልኋት።

ስትሄድ ግድግዳው ላይ ማስታጠቢያው የተሰቀለበት ቦታ ባዶ ሆነ። ዘይነባ በደብተር ልጻፈው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እምቢ አልሁ። አንቺ ከመሠረተ ትምህርት በኋላ መጻፍ ስትችይ እንኳ አልጻፍሽም፤ በልብሽ ነው የያዝሽው። እኔም በልቤ እይዘዋለሁ። ሰው ልቡ ውስጥ ያለውን በየቀኑ ማየት ግድ ይሆንበታል፤ አንቺንም የማስታውስሽ እንዲሁ ነው። ዕቃ በሰጠሁና በተቀበልሁ ቁጥር።

ሸህ ሙሄ በቀብርሽ ቀን ሰው ሁሉ የአላህ ውሰት ነው ብለው ነበር። ያን ቀን አልገባኝም፤ እያለቀስሁ ነበርና። አሁን ገብቶኛል። የተዋሱት ባዶውን አይመለስም አይደል? እኛም ባዶሽን አልመለስንሽም እማ። ድስት የተዋሰችሽ፣ ዱካ የተዋሰችሽ፣ ከማዶ ሰሌን ተሸክማ የመጣችው፣ የሁሉም ዱአ ሞልቶብሽ ነው የሄድሽው።

ሙሽራይቱ ማስታጠቢያውን እስከዛሬ አልመለሰችም። አልጠይቃትም። የት እንዳለ አውቃለሁ።

ተንኮለኛው ልጅሽ፣
ሰይድ